ጎንደር ላይ «ሙሉ የአኒሜሽን ስቱዲዮ» ተብሎ የሚሸጠውን ካርቶን አትግዙ

ፒያሳ አካባቢ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችና በቴሌግራም «ለቤት የሚሆን ሙሉ የአኒሜሽን ስቱዲዮ» እየተባለ የሚሸጥ ካርቶን አለ። ውስጡ ሪንግ ላይት (የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት)፣ አንገቱ የሚታጠፍ የስልክ ማቆሚያ፣ «4ኬ» (እጅግ ጥርት ያለ ምስል) የተባለ ዌብካም (የኮምፒውተር ካሜራ)፣ ባለቀለም የመቅረጫ ሊጥ፣ ጥቅል ሽቦና ሶፍትዌር ያለበት ፍላሽ ይገኛል። አሻንጉሊት በእጅ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ ለሚሠራ አኒሜሽን ሁለት ነገር ግድ ነው፦ ካሜራው ንቅንቅ አለማለቱና ብርሃኑ በራሱ አለመለዋወጡ። ይህ ዕቃ ሁለቱንም አያሟላም።

ከሁሉ የከፋው ማቆሚያው ነው። አንገቱ ስፕሪንግ ስለሆነ የስልኩ ክብደት ቀስ እያለ ይስበዋል፤ በዓይን ግን አይታይም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ፈትኑት። ስልካችሁን አስራችሁ ወደ ታች አዙሩትና ከሥሩ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስልኩን ሳትነኩ፣ በኢርፎኑ የድምፅ ቁልፍ፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ እያላችሁ 20 ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፎቶዎቹን በፍጥነት አገላብጧቸው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ሚዛን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ታያላችሁ፤ የተንሸራተተው ካሜራው ነው። በሰከንድ 12 ፎቶ ሲሠራ የግማሽ ደቂቃ ፊልም 360 ፎቶ ይፈጃል። በ20 ፎቶ እንዲህ የሆነው በ360ው ምን እንደሚሆን አስቡት።

በምትኩ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ 50 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ቱቦላሬ በወፍራም ላሜራ ላይ አስበይዱ፤ ከላይ አግድም ክንድ ይኑረው፣ ጫፉ ላይ 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ። የስልክ መያዣውን ብቻ ለብቻው ግዙና በሩብ ኢንች ብሎን እሰሩት። የካሜራ ማቆሚያ ብሎን ልኩ ይኸው ነው። ወለላችሁ ጣውላ ከሆነ ፎቶ ሲነሳ ማንም አይራመድ።

ሪንግ ላይቱ ብርሃኑ ሲቀነስ በጣም በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። የስልኩን ሻተር (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርጋችሁ ብታዩት ጥቁር መስመሮች በስክሪኑ ላይ ሲሄዱ ይታያሉ። ብርሃኑን ሙሉ ለቃችሁ ከፊቱ ነጭ ስስ ጨርቅ ብትዘረጉ ይሻላል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በቤት አምፖል ስትሠሩ ሻተሩ 1/50 ወይም 1/25 ይሁን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ዝጉ፤ ፀሐይዋ በሰዓት ውስጥ ጥላውን ታዞረዋለች። መብራት ሲሄድ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ጠብቁ።

ዌብካሙ «4ኬ» ይባል እንጂ ትንሹን ምስል ለጥጦ የሚያሳይ ነው። የባሰው ግን ፎከሱም፣ ብርሃን መጠኑም፣ የነጭ ቀለም ሚዛኑም (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው) በእጅ አይቆለፍም፤ እጃችሁን ባስገባችሁ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፣ ፊልሙም ይርገበገባል። በእጃችሁ ያለው ስልክ በማኑዋል ሞድ (ሁሉን በእጅ በሚስተካከልበት የካሜራ ምርጫ) ሦስቱንም ከቆለፈ ዌብካም አያስፈልጋችሁም።

ሊጡ ከዱቄትና ከውሃ የተሠራ ስለሆነ ሲቆይ ይደርቃል፣ የአሻንጉሊቱ ክርንና አንገት ላይ ይሰነጠቃል። በዘይትና በሰም የተሠራ፣ የማይደርቅ ፕላስቲሲን ጠይቁ። ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ሸክላም ለዚህ አይሆንም፤ ለትዕይንቱ ድስትና ጀበና ግን እጅግ ያምራል። ለአሻንጉሊቱ አጥንት የሚሆነው ሽቦ ደግሞ የግንባታ ማሰሪያ ብረት ነው፦ ታጥፎ ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳል፣ ሲደጋገምም ይሰበራል። በምትኩ 1.5 ሚሊሜትር የአልሙኒየም ሽቦ ሁለት አብራችሁ ግመዱ። የአሻንጉሊቱ እግር መዳፍ ውስጥ ዳዶ ቅበሩና ከጠረጴዛው ሥር በ4 ሚሊሜትር ብሎን እሰሩት፤ አለበለዚያ አንድ እግሩን ሲያነሳ ይወድቃል።

ፍላሹን ኮምፒውተራችሁ ላይ አትሰኩት። ፈቃዱ የተሰበረ (ሳይከፈልበት የተቀዳ) ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ አኒሜሽን የሚሆነው ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለው አፕ ደግሞ መነሻው በነፃ ይወርዳል።

ካርቶኑን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሊጡን አትክፈቱት፣ የሳንቲሙን ፈተና ፎቶዎች ከደረሰኙ ጋር ይዛችሁ ዛሬውኑ ባለሱቁ ጋ ተመለሱ።