ለጀርመንኛ መምህራችን ምስጋና፣ ለኤ1 ፈተና ለምትዘጋጁ ጥቆማ

በትዳር ምክንያት ወደ ጀርመን ለመሄድ ቪዛ የሚያመለክቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የኤ1 (A1)፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ፣ የጀርመንኛ ምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ። እኔም ፈተናውን በቅርቡ ስላለፍሁ፣ አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ያስተማሩንን መምህር በአደባባይ ማመስገንና ለሚፈልጓቸው መጠቆም ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ምስጋናዬ በዋናነት ስለ ንግግሩ ነው። ቃላትንና ሰዋስውን ቤት ተቀምጦ ከመጽሐፍ ማጥናት ይቻላል፤ ከ100ው ነጥብ 25ቱን የሚይዘው የንግግር ክፍል ግን ተፈታኞች በቡድን ተቀምጠው ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት፣ ካርድ እያነሡ እርስ በርስ የሚጠያየቁበት፣ በመጨረሻም በካርዱ ላይ ባለው ሥዕል መነሻነት አንዱ ከሌላው አንድ ነገር እንዲደረግለት የሚጠይቅበት ስለሆነ ብቻን በማጥናት አይገፋም። አብዛኞቻችን ያደግነው መምህሩ ጠይቆ ተማሪው በሚመልስበት ክፍል ውስጥ ነውና፣ መልስ መስጠት የማያስቸግረን ሰዎች ጥያቄ መሥርቱ ስንባል አፋችን ይያያዝ ነበር። መምህራችን ይህን ከጅምሩ ስለተረዱ ጠያቂዎቹ እኛ እንድንሆን አደረጉ፤ ሁለት ሁለት አድርገው ያስቀምጡንና ለአንዳችን የባቡሩ መነሻ ሰዓት ያለበትን፣ ለሌላችን ደግሞ የቲኬቱ ዋጋ ያለበትን ወረቀት ይሰጡናል፤ የጎደለውን ሳይጠይቅ ሥራውን የሚጨርስ ሰው አይኖርም።

አንድ ተማሪ ሲናገር በመካከል አያቋርጡም። ስህተቱን በደብተራቸው ይይዙና በስተመጨረሻ የማን እንደሆነ ሳይጠቅሱ ሰሌዳው ላይ ጽፈው እኛው እንድናርመው ይተዉታል። ጠይቀው መልስ ሲዘገይባቸውም ቸኩለው አይመልሱልንም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ መጀመሪያ ላይ ይህ ዝምታ ጨንቆን ነበር፣ በኋላ ግን ዓይን አፋሮቹ ሳይቀሩ መናገር የጀመሩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስምን ፊደል በፊደል መጥራትና ቁጥር መናገር ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በእንግሊዝኛ «ኤ» ብለን የምንጠራውን የመጀመሪያ ፊደል ጀርመኖች «አ» ይሉታል፤ «ኤ» የሚሉት እኛ «ኢ» የምንለውን ነው፤ «ኢ» ደግሞ የእኛ «አይ» ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው የገዛ ስሙን ሲያስጽፍ የሌላ ሰው ስም የሚወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩም 47ን «ሰባት እና አርባ» የሚል ቅደም ተከተል ስላለው፣ ስልክ ቁጥር እየተነጋገርን መጻፍን በየክፍለ ጊዜው ያለማምዱን ነበር። ፈታኞቹም በራስ ማስተዋወቁ ላይ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የማያመቻቸው ሰዎችም እንደሚኖሩ መናገር አለብኝ። መምህራችን ረጅም የሰዋስው ማብራሪያ አይሰጡም፣ ተዘጋጅቶ የሚታደል ማስታወሻም የላቸውም፤ ይህን የሚፈልግ ተማሪ በራሱ መጽሐፍ መሙላት ይኖርበታል። ከክፍል መቅረትንም አይወዱም፤ ጓደኛው ያለ አጣማሪ ይቀራልና በዚህ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

የሚያስተምሩት ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ የቪዛ ቀጠሮ ቀን የተቆረጠላችሁ ቀደም ብላችሁ ብትመዘገቡ ይሻላል። ስልካቸውን እዚህ ማውጣት ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አደርሳለሁ።