ለግልገል የቱ ይገዛ? አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይስ ጥቁር አዝሙድ

ደሴ ገበያ ቅመም ተራ አንድ አባወራ ጥቁር አዝሙድ ሲያስመዝኑ አገኘኋቸው። «ለጠቦቶቼ ነው፤ እንዲፋፉልኝ» አሉኝ። ምን እንደሚበሉ ጠየቅኳቸው። የገብስ ጭድ ብቻ! ከልቤ አዘንኩ። ያ ገንዘብ ስንት ፋጉሎ (ዘይት ተጨምቆ የሚቀር ተረፍ) ይገዛ ነበር።

የኑግ ፋጉሎ ከ100 እጁ 30 ያህሉ ፕሮቲን ነው። የገብስ ጭድ ቢበዛ 5 ቢሆን ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም ቅመም አይሞላውም። ፋጉሎው፣ ፉርሽካው፣ አሞሌው ጨውና ንጹሕ ውኃው ከተሟላ ግን ወደ ቅመም ተራ መሄድ ያዋጣል።

እኔ መጀመሪያ የምገዛው አብሽ ነው። የምሰጠው ግን ለግልገሉ ሳይሆን ለእናቲቱ ነው። ለአራስ አብሽ የምናጠጣው በከንቱ አይደለም፤ በበግና በፍየል ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ወተት ሲጨምር ታይቷል። ትንሽ ግልገል የሚያድገው በወተት ነውና ጥቅሙ በጡት በኩል ይደርሰዋል። ዱቄቱን ከፉርሽካ ጋር ለውሱት። ስለሚመር ከጥቂቱ ጀምሩ። እርጉዝ በግ ግን እስክትወልድ ትቆይ።

ጡት ለጣለ ጠቦት ነጭ ሽንኩርት ይሻላል። ሲቀጠቀጥ የሚወጣው አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር በሆዱ ያሉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ይነካል። በግሳት ጋዝ ሆኖ የሚባክነው የመኖ ኃይል ይቀንሳል። ውጤቱ ግን ሁሌ አንድ አይደለም፤ አንዳንድ ሙከራ ላይ ክብደት ጨምሯል፣ ሌላው ላይ ለውጥ የለም። በቀን ግማሽ ኪሎ መኖ ለሚበላ ጠቦት 5 ግራም ደረቅ ዱቄት ይበቃል። ሲበዛ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፣ ደም ማነስ ያመጣል። ለምትታለብ በግም አትስጡ፤ ሽታው ወተቱ ውስጥ ይገባል።

ጥቁር አዝሙድ መጥፎ አይደለም። ዋጋው ነው የማይቻለው። ዘይት የሚጨምቅ ሰው በቅርብ ካለ ፍሬውን ትታችሁ ተረፉን ጠይቁ። ፕሮቲኑ እዚያ ውስጥ ይቀራል፣ በዋጋም ይረክሳል።

ወደ ባቲና ቃሉ ቆላው ያላችሁ ደግሞ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ትከሉ። ደረቅ ቅጠሉ ከ100 እጅ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ቅመምም መኖም ሆነላችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠቦቱ እየበላ ከከሳ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገልብጣችሁ እዩ። ከነጣ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ሳይኖርበት አይቀርም። ያኔ ነጭ ሽንኩርት ላይ አትመኩ። ኮሶም አታጠጡ፤ ልኩ አይታወቅም፣ ሲበዛ ይመርዛል። እንስሳት ክሊኒክ ሂዱና በክብደቱ ልክ የትል መድኃኒት ይሰጠው። ለመንጋው በሙሉ የምትወስዱ ከሆነ የትኞቹ በጎች እርጉዝ እንደሆኑ ለሐኪሙ ንገሩት። አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ጽንሱን ይጎዳል።