14 ወር ከሉድለም ሞዴል 3 ጋር፦ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ያስፈራኛል

ሉድለም ሞዴል 3 የጨረር መለኪያ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በአንድ አሮጌ ሰዓት ነው። አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ፣ በቁልፍ እየተጠመዘዘ የሚሞላ፣ ደወሉ ሙት የሚቀሰቅስ ዓይነት ሰዓት። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ መዞር እወዳለሁ። ሰዓቱን ገዝቼ ቤት ካስገባሁት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየውና "ቁጥሮቹ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ራዲየም እንዳይሆን" አለኝ። ራዲየም ድሮ የሰዓት ቁጥሮች ጨለማ ውስጥ እንዲያበሩ ይቀባ የነበረ፣ ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር ነው። እኔም ጨለማ ውስጥ አያበራም፣ ስለዚህ አይደለም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ተሳስቼ ነበር። የሚያበራው ራዲየሙ ራሱ ሳይሆን አብሮት የተቀላቀለው ዚንክ ሰልፋይድ ነው። እሱ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ደክሞ ይጠፋል። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ግን 1,600 ዓመት ነው። ቀለሙ ሞቷል፣ ጨረሩ ገና ጎረምሳ ነው።

ስለዚህ የጨረር መለኪያ ፈለግኩ። ርካሽ የሆኑ፣ በኪስ የሚያዙ ዲጂታል መለኪያዎች ሞልተዋል። እኔ ግን ያገለገለ ሉድለም ሞዴል 3፣ 44-9 ከሚባለው ፕሮብ (በገመድ ከሚያያዘው የጨረር መቀበያ) ጋር ገዛሁ። ካሊብሬሽን (ንባቡ ትክክል መሆኑን የማረጋገጥና የማስተካከል ሥራ) አስደርጌ፣ ይኸው 14 ወር ሆነኝ።

ስለ መልኩ ብዙ የሚባል የለም። እጀታ ያለው የብረት ሳጥን ነው። አንድ ማዞሪያ፣ አንድ ቀስት፣ አንድ ድምፅ ማጉያ። ክብደቱ 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ስዊትወተር በምትባል ከተማ ይሠራል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው የተመሠረተው፤ የሞዴል 3ን መልክ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። የሚጎርሰው ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው፣ ያው የድሮው የእጅ ባትሪ ዓይነት። እስካሁን አንዴ ብቻ ቀየርኩ። ስክሪን የለ፣ ብሉቱዝ የለ። ልጄ "ይሄ ነገር የሙዚየም ነው?" ብሎኛል።

ዋናው ነገር ሳጥኑ አይደለም፤ ፕሮቡ ነው። ሳጥኑ ለፕሮቡ ወደ 900 ቮልት ይሰጠዋል፣ የሚመለሰውን ምት ይቆጥራል፣ ይጮኻል። በቃ። ማየቱ የፕሮቡ ሥራ ነው። የ44-9 ፊት ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ፈረንጆቹ ፓንኬክ ይሉታል። እኔ እንጎቻ ብዬዋለሁ፤ እጀታ የተተከለላት እንጎቻ። ፊቷ ላይ ከሽቦ ወንፊት ሥር ማይካ ከሚባል ስስ ማዕድን የተሠራ መስኮት አለ። ውፍረቱ በክብደት ሲገለጽ በካሬ ሴንቲሜትር 1.7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ተራው የማተሚያ ወረቀት በዚሁ ስሌት 8 ሚሊግራም ይሆናል። ከወረቀት አንድ አምስተኛ ማለት ነው። እንዲህ የሳሳው በምክንያት ነው። የአልፋ ጨረር ወረቀት እንኳ ያቆመዋል፤ መስኮቱ ካልሳሳ ወደ ውስጥ አይገባም። ይህን ስስነት አስታውሱልኝ። በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የመጀመሪያው ምሽት ሰዓቱን ለካሁ። እንጎቻዋን መስታወቱ ላይ ስጠጋት ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ተቀጣጥሎ እንደ ቆሎ ምጣድ ሆነ። ቀስቱ ከ8 ሺህ ቆጠራ በደቂቃ በላይ ወጣ። ሳሎናችን ውስጥ ምንም ሳይጠጋት የምትቆጥረው 60 ወይም 70 ነው። ሰዓቱ አሁን ጋራዥ ነው። መስታወቱን ግን አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም። በውጭ ሆኖ የሚጮኸው አያስፈራም። የሚያስፈራው የተፈረፈረው ቀለም ከተተነፈሰ ነው።

ስልሳው ከየት መጣ የሚል ይኖራል። እናቴ ጠይቃለች። ለሦስት ወር ልትጠይቀን መጥታ ነበር፣ እኔም ማታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አበራሁት።

"ምንድነው እሱ ጠቅ ጠቅ የሚለው?"

"ጨረር ነው እማዬ። ከአፈሩ፣ ከግድግዳው፣ ከሰማይ የሚመጣ። ሁልጊዜ ያለ ነው።"

"ይሄን ሳትገዛም ነበረ?"

"ነበረ።"

"ታዲያ ገንዘብህን ለምን አወጣህ?"

መልስ አጣሁ። ለማንኛውም ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ነው፤ ከሕዋ የሚመጣውን የሚያጣራው አየር ሳሳ ያለ ነው። የሮኪ ተራሮች ግራናይትም ዩራኒየም አያጣም። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ያው እንጎቻ ከዚህ ያነሰ ይቆጥርለታል። መለኪያ የገዛ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የራሱን ቤት ቁጥር ነው። "60 አነበበልኝ፣ ልሞት ነው ወይ" እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይ፣ ቡናህን ጠጣ።

አጠቃቀሙ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ማዞሪያውን መጀመሪያ ባትሪ መፈተሻው ላይ። ከዚያ ከላይኛው እርከን፣ ከ100 ብዜት፣ እስከ 0.1 ብዜት እየቀነሱ መውረድ። ድምፁ ይከፈት። ቀስቱ ዘገምተኛ ነው፣ ጆሮ ግን ወዲያው ይሰማል። አንድ ትንሽ መቀየሪያም አለ። በፈጣኑ ቀስቱ በ4 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ ግን ይዘላል። በዝግተኛው 22 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ግን ይረጋል። ስፈልግ በፈጣኑ፣ ካገኘሁ በኋላ ሳነብ በዝግተኛው። እንጎቻዋን ከዕቃው አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በቀስታ ማንሸራተት ነው። በሰከንድ ከሦስት ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ አይኬድም። እኔ መጀመሪያ ላይ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው ነበር የማወዛውዛት። እንደዚያ ሲሆን ትንሽ ነጥብ ያመልጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ልምጣ። የኔው መለኪያ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ በደቂቃ ስንት ቆጠራ፣ ሌላው ሚሊሮንትገን በሰዓት፣ ማለትም የጨረር መጠን። ሁለተኛው ትልቅ ነገር ስለሚመስል ሁሉም እሱን ያነባል። እኔም አነበብኩ። በሚያብረቀርቀው ቅቡ ውስጥ ዩራኒየም የገባበት፣ ፊስታ የሚባል የአሜሪካ ብርቱካናማ የሸክላ ሳህን አለኝ። እነዚህ ሳህኖች እ.ኤ.አ. በ1936 ገበያ ወጡ፣ በ1943 ዩራኒየሙ ለጦርነቱ ሲፈለግ ቆሙ፣ ከ1959 በኋላ ተመልሰው መጡ። ለካሁት፤ 6 ሚሊሮንትገን በሰዓት አለ። ደነገጥኩ።

ግን ውሸት ነው። ያ መስመር የተሰመረው ሲዚየም 137 የሚባለው ንጥረ ነገር ለሚረጨው ጋማ፣ ማለትም ዘልቆ ለሚያልፈው የጨረር ዓይነት ነው። ለእሱ 3,300 ቆጠራ በደቂቃ አንድ ሚሊሮንትገን በሰዓት ይሆናል። ሳህኑ ግን በአብዛኛው የሚረጨው ቤታ የሚባለውን፣ ከጋማ ይልቅ በቀላሉ የሚቆመውን ጨረር ነው። እንጎቻዋ ደግሞ ቤታን እጅግ ትወዳለች፤ የመጣላትን ሁሉ እየቆጠረች እንደ ጋማ ትተረጉመዋለች። መሐል ላይ ወረቀት አስገባሁ፤ ትንሽ ቀነሰ፣ አልፋው ቀረ ማለት ነው። ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ አስገባሁ፤ ጩኸቱ ክው ብሎ ወደቀ። የቀረው እፍኝ የማትሞላ ጋማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በእንጎቻ ስለካ ቆጠራውን ብቻ ነው የማነበው። ሰውነት የሚቀበለውን የጨረር መጠን ለማወቅ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ።

ደስ ያሰኘኝን አንድ ጨዋታ ልናገር። ዝናብ እንዳባራ የመኪናዬን ኮፈን በሶፍት ጠርጌ ሶፍቱን ለካሁ። ከ60 ወደ 300 ዘለለ። ዝናቡ ራዶን የሚባለው፣ ከመሬት የሚወጣ ጨረር አመንጪ ጋዝ የሚተዋቸውን ውላጆች ከአየር አጥቦ ያወርዳቸዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቼ ስለካ በግማሽ ቀንሷል። ማታ ምንም የለም። በዓይኔ ፊት ግማሽ ዕድሜ አየሁ። ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የተሳለልኝ ያ ጎባጣ መስመር አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ታዲያ የምድር ቤቴን ራዶን በሱ ልለካ ይላል። አይሆንም። ለራዶን ለብቻው የሚሸጥ መመርመሪያ አለ፣ ርካሽ ነው፣ እሱን ግዙ።

ጋሼ የምንለው የባለቤቴ አጎት አንድ ቀን ከሰዓት ለቡና መጡ። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ በርቶ ነበር። ገና በሩን ሲያልፉ መንጫጫት ጀመረ። አንድ ሜትር ላይ ሲደርሱ ከ2 ሺህ በላይ ቆጠረ። ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ቀረች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ነበሩ እንዴ?" አልኳቸው።

"ጠዋት ልቤን አዩት። አንድ ነገር ወጉኝና ማሽን ሥር አስተኙኝ። በምን አወቅህ?"

ለእንዲህ ዓይነት የልብ ምርመራ በአብዛኛው የሚወጋው ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ስለሆነ ከሽንት ጋር የሚወጣውን ሳንቆጥር እንኳ በማግስቱ አንድ ዐሥራ ስድስተኛው ነው የሚቀረው። ይህን አስረድቻቸው አብረን ቡና ጠጣን። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሲገቡ "ያን ሰላይህን አጥፋልኝ" ይላሉ።

እዚህ ድረስ ሙገሳ ነው። አሁን ወደ አዋረደኝ ቀን ልሂድ። ዘጠነኛው ወር ላይ ነው። አንድ ትልቅ የአሮጌ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን አሮጌ ሰዓቶችን አንድ በአንድ ስለካ ዋልኩ። ሁሉም ንጹሕ። ሁለት ሰዓቶች ተደራድሬ ገዛሁ። አዳራሹ ጫጫታ ነበር፣ የጆሮ ማዳመጫም አልያዝኩም። ቤት ገብቼ ፀጥታው ውስጥ ሳበራው ነው የገባኝ። ምንም የለም። ስልሳው የለም፣ ሠላሳው የለም፣ አንዲት ጠቅታ የለችም። ጋራዥ ያለው ሰዓት ላይ አስጠጋሁት። ዝም።

ባትሪው ደህና ነበር። ፕሮቡን ገልብጬ በመብራት ሳየው ማይካው ላይ መርፌ የወጋችው የምትመስል ቀዳዳ አለች። ከሁለት ቀን በፊት ተራራ ሥር ድንጋይ ስለካ እንጎቻዋን ደረቅ ሣር ላይ አስቀምጫት ነበር። አንድ ሰንበሌጥ በወንፊቱ ሾልኮ ገብቷል። ከማይካው ጀርባ ያለው ጨረሩን የሚቆጥር ቱቦ በጋዝ የተሞላ ነው፤ ጋዙ ሲወጣ ቱቦው ሞተ። ጥፋቱ የኔና የኔ ብቻ ነው፤ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን አላት፣ አልከደንኳትም። አዲስ ቱቦና ካሊብሬሽን ለጠቅላላው መሣሪያ ከከፈልኩት ሩቡን በላ። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ የሞተ መሣሪያ ይዤ "ንጹሕ ነው" እያልኩ መፍረዴ ነው። ከገዛኋቸው ሁለት ሰዓቶች አንዱ ራዲየም ሆኖ ተገኘ።

በተፈጥሮ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ዜሮ ካነበበ የተበላሸ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ከመውጣቴ በፊትና ደርሼ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መፈተሻ አስጠጋለሁ። መፈተሻዬ ምን እንደሆነ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ማሾ ታስታውሳላችሁ? ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እየተንሿሿ የሚያበራው የጋዝ መብራት። አምፖሉ በሚሆንበት ቦታ የሚታሰረው ነጭ የጨርቅ መረብ ድሮ ቶሪየም ተነክሮ ነበር የሚሠራው። ዛሬ የሚሸጡት በአብዛኛው የለባቸውም። አንድ አሮጌ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ እዚሁ ገበያ አገኘሁ። እንጎቻዋ ላይ ከ2 ሺህ በላይ ይጮኻል። የቶሪየም ግማሽ ዕድሜ 14 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ አለቀብኝ ብዬ አልሰጋም። ሕፃናት ሆነን የተቃጠለውን መረብ በጣታችን እያፈረስን አመዱን እፍ እንል ነበር። እሱን አሁን ባላስበው ይሻላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ብራዚል፣ ጎያኒያ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1987። ከተተወ ክሊኒክ የወጣ የሲዚየም 137 ምንጭ በብረት ለቃሚዎች እጅ ተፈልቅቆ በየቤቱ ተበትኖ ነበር። አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ለዩራኒየም ፍለጋ የሚያገለግል መለኪያ ተውሶ ወደ ቦታው ሄደ። ገና ሳይደርስ ሲያበራው ቀስቱ ጥግ ያዘ። ወዴትም ቢያዞረው ያው ነው። ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያመጣ ተመለሰ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሲሆን ነው የገባው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከ110 ሺህ በላይ ሰው በመለኪያ ተፈተሸ። መሣሪያው አላበደም ነበር።

ከአራት ወር በፊት 44-2 የሚባለውን ሁለተኛ ፕሮብ ጨመርኩ። በውስጡ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል አለው። ሳሎኔ ውስጥ 60 ሳይሆን 2,500 ገደማ ይቆጥራል። ለጋማ እንጎቻዋን ያስንቃታል፤ አልፋና ቤታ ግን አይገቡለትም። ሜዳ ላይ ምንጭ ለመፈለግ አሪፍ ነው፣ ሳህን ለመፈተሽ አይሆንም። ክሪስታሉ መመታት አይወድም፤ ከሞቀ መኪና ድንገት ወደ በረዶ ማውጣትም አይወድም። ፕሮብ ስቀያይር መጀመሪያ ሳጥኑን አጠፋለሁ፤ 900 ቮልቱን አልረሳም። ገመዱም በየጊዜው ይታይ። ከአንድ የመስመር ላይ ሻጭ የገዛሁት ርካሽ ገመድ አንገቱ ላይ በሦስት ወር ተበጥሶ ድምፁ ይቆራረጥብኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዕቃው ላይ ያለ ነጥብ መስሎኝ ስፈልግ ሰነበትኩ።

ለማን ይሆናል? ስልኩ ላይ ግራፍ ማየት ለሚፈልግ አይሆንም። በኪስ ይዞ ለሚዞርም አይሆንም። አሮጌ ዕቃ፣ ድንጋይ፣ የብረት ቁርጥራጭ ለሚፈትሽ ሰው ግን እንጎቻዋን የምለውጣት አላገኘሁም። እኔ ደግሜ እገዛዋለሁ።

ሌላ ሰንበሌጥ ካልገባብኝ በቀር የሚቀጥለው ወጪዬ ዓመታዊው ካሊብሬሽን ነው። እናቴ ትናንት ደውላ "ያ ነገርህ አሁንም ይቆጥራል?" አለችኝ። ስልኩን አስጠጋሁላት። ትንሽ አዳመጠችና "ይቆጥር እንግዲህ" ብላ ስለ እህቴ ሠርግ ማውራት ቀጠለች።