ሬዲዮ መገናኛ የምትጠቀሙ ሁሉ ይህችን ባለሙያ እወቋት

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያን ለማመስገን ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ መገናኛ ትጠግናለች። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ ፈቃዷን አከብራለሁ። አድራሻዋን የሚፈልግ ግን ኢንቦክስ ያድርግልኝ። እሱን ፈቅዳልኛለች።

እኔ ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ ሕንፃ ላይ የጥበቃ አስተባባሪ ነኝ። ጥበቃዎቻችን በር ላይ፣ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያና ጣሪያ ላይ ይቆማሉ። የሚያገናኛቸው በእጃቸው ያለችው ወኪቶኪ ናት። ምድር ቤት ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። ሌሊት ሬዲዮው ዝም ካለ እዚያ ያለው ሰው ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የሬዲዮ ነገር ለእኔ የባልደረቦቼ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሬዲዮዎቹ ተራ በተራ እምቢ ይሉ ጀመር። አንዱ ቻርጅ አልቀበል አለ። ሌላው የሰው ድምፅ ይቀበላል፣ የራሱን ግን አያስተላልፍም። አንዱ ሲያወሩበት ድምፁ ታፍኖ አይለይም። መጀመሪያ የወሰድንበት ጥገና ቤት በወጉ እንኳ ሳያያቸው “ቦርዳቸው ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ” ብሎ መለሰልን። አዲስ መግዛት ደግሞ ተነስቶ ገበያ እንደመውጣት አይደለም። ሬዲዮ መገናኛ ፈቃድና የተመደበ ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል። ይህን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወጪውም ቀላል አይደለም።

ሆቴል የሚሠራ አንድ ወዳጄ ነው ወደ እሷ የመራኝ። ሬዲዮዎቹን ጠረጴዛዋ ላይ ስደረድር ካቻቢቴ አላነሳችም። መጀመሪያ ጠየቀችኝ። ማታ የት ታስቀምጧቸዋላችሁ? በአንቴናው አንጠልጥሎ የሚይዝ አለ? በምንድን ነው የምታጸዷቸው?

ቻርጅ እምቢ ያለው ሬዲዮ ጉዱ ቆሻሻ ነበር። ባትሪው ቻርጀሩን የሚነካባቸው ትንንሽ ብረቶች በአቧራና በላብ ተሸፍነዋል። ጥጥ አልኮል ነክራ ጠረገቻቸው። መብራቱ ወዲያው በራ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ድምፁ የሚታፈነው ደግሞ የማይኩ ቀዳዳ ስለተደፈነ ነው። መርፌ ልስጥሽ ስላት ቆጣ አለች። ከቀዳዳው ኋላ ውሃ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፤ መርፌ እሱን ይቀደዋል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላ አጸዳችው።

የማያስተላልፈው ግን እውነተኛ ጉዳት ነበረበት። አንዳንድ ሰው ኪስ እንዲገባለት አንቴናውን ይፈታዋል፣ ከዚያ ረስቶ ያወራበታል። የሬዲዮው ኃይል በአንቴናው መውጣት ሲገባው መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይመለሳል። ትራንዚስተር የሚባለውን የማስተላለፊያውን ክፍል ሊያቃጥል የሚችለው ያ ነው። የላላ ወይም የተሰነጠቀ አንቴናም ጣጣው አንድ ነው። ክፍሉን ቀየረችው። የተቃጠለውንም ሰጠችኝ፣ ሠራሁ ብላ እንዳላታለለችኝ በዓይኔ እንዳይ። ዝናብ ገብቶ ቦርዱ የዛገ አንድ ሌላ ሬዲዮም ነበር። “ይሄ አይድንም፣ ገንዘባችሁን አላስጨርሳችሁም” አለች። ቅርፊቱንና ቁልፎቹን ለሌሎቹ መለዋወጫ እንዲሆኑ ነቅላ ሰጠችን። ብትፈልግ ኖሮ ጠግኛለሁ ብላ ታስከፍለን ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ከዚያ በኋላ ላደረገችው ነው። ፈረቃ ሲቀያየር ጠብቃ ሕንፃው ድረስ መጣችና ለጥበቃዎቹ አስተማረቻቸው። የእኛ ሬዲዮዎች አይፒ 54 የተጻፈባቸው ናቸው፤ አይፒ ዕቃው አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው። የዝናብ ፍንጣቂ ይችላሉ፣ ውሃ ውስጥ መውደቅ ግን አይችሉም። አይፒ 67 የሆነው ነው አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቆየው። እሱም ቢሆን ውሃ የሚከላከለው ላስቲክ ካረጀ ወይም የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ክዳን ሳይዘጋ ከቀረ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ያን የላስቲክ ክዳን ስንቱ ቦታ ተገንጥሎ እንደተጣለ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከጥበቃዎቹ አንድ አዛውንት “ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ቢወድቅብኝስ?” አሏት። “ጋሼ፣ አውጥተው ወዲያው ያጥፉት፣ ባትሪውንም ያላቁት። ይሠራ ይሆን ብለው እንዳይከፍቱት። ቻርጀር ላይም አያድርጉት” አለቻቸው። ውሃውና ኤሌክትሪኩ ሲገናኙ ነው ቦርዱ የሚበላው። ሩዝ ውስጥ መቅበርንም ከለከለች፤ ውስጥ የገባውን ውሃ አያወጣም፣ ዱቄቱ ግን ይገባል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅማ ጭራሽ። ውጪውን ጠርጎ ሳይዘገዩ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው።

ስለ ባትሪ ብዙ ነገረችን። የእኛዎቹ 7.4 ቮልት ሊቲየም ናቸው። ሬዲዮው ጠፍቶ ቻርጅ ይደረግ፣ ባትሪው ከሞላ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀሩ ላይ አይደር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ለብዙ ጊዜ የማይሠራበት ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ። ተጠባባቂ ባትሪን ከቁልፍና ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር ኪስ መክተት ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ብረቱ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እኛ ጋ ይህ በየቀኑ ይደረግ ነበር፤ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። በእሷ ምክር የተገዛበትን ቀን እያንዳንዱ ባትሪ ላይ ጽፈናል፣ የቱ እንዳረጀ እንድናውቅ።

ጽዳቱ ቀላል ነው። በሳሙና ውሃ ረጠብ ያለ ጨርቅ ይበቃል። ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያበላሹታል። ስትናገሩም ማይኩን ከአፋችሁ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር አርቁት። አፍ ላይ ለጥፎ መጮህ ድምፁን ያበላሻል፣ ምራቅም ወደ ማይኩ ይገባል።

አሁን ሬዲዮ በአንቴናው የሚያነሳ ሰው ሲገኝ ጥበቃዎቹ ራሳቸው ይቆጡታል። አዲስ የሚቀጠረውንም እነሱ ያስተምራሉ። እኔ በበኩሌ ማንኛውም ጥበቃ ሬዲዮ ከመረከቡ በፊት ይህን ቢማር ደስ ይለኛል።

እህቴ፣ በጣም እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ይስጥልን። በሙያሽም በታማኝነትሽም ኮርተናል።

ሆቴል፣ ግንባታ፣ ሠርግና ዝግጅት ላይ የምትሠሩ ሁሉ ወደ እሷ ሂዱ። ዋጋውን አስቀድማ ትናገራለች፣ ደረሰኝም ትሰጣለች። ስትሄዱ ሬዲዮውን ከነባትሪውና ከነቻርጀሩ ያዙ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ማየት ትፈልጋለች።