ብስክሌቴን ላዘጋጁልኝ አባት ምስጋና፣ ረጅም መንገድ ለምታስቡም ጥቆማ

በፖርትላንድና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው በኦሪገን የውቅያኖስ ዳርቻ ብቻዬን ለተጓዝኩበት መንገድ ብስክሌቴን ያዘጋጁልኝን አባት በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ የምታስቡ ሁሉም ወደ እርሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ ላይ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ወገን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ጋሼ ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ ለሰፈር ልጆች በሰዓት የሚከራዩ ብስክሌቶችን ሲጠግኑ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ከቤታቸው ጎን ባለው ጋራዥ ነው። ከእርሳቸው በፊት ብስክሌቴን ወስጄበት የነበረ አንድ ሱቅ «ይህ ለረጅም መንገድ አይሆንም፣ አዲስ ግዢ» ከማለት በቀር ምክንያቱን እንኳ ሊያስረዳኝ አልፈለገም። ጋሼ ግን ብስክሌቱን ከመንካታቸው በፊት «ልጄ፣ ስንት ኪሎ ትጭኛለሽ? ማታ ማታ የምታድሪው የት ነው? ከየት ወደ የት ነው የምትነጂው?» ብለው ጠየቁኝ። ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደምነዳ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ በበጋው ወራት በዚያ ዳርቻ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ የሚነዳውን ከኋላው ይገፋዋል፣ ወደ ሰሜን የሚነዳው ግን ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ይውላል።

ከሠሩልኝ ሥራ ሁሉ ዋናው የኋላው ጎማ ነው። ሻንጣ የተጫነበት ብስክሌት አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው በኋላ ጎማው ላይ ነው፤ ማርሾቹ በስተቀኝ ስለሚቀመጡም ቸርኬው፣ ማለትም ጎማውን የያዘው ክብ ብረት፣ መሐል ላይ እንዲቆም የቀኞቹ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ በጣም መወጠር አለባቸው። ውጥረቱ ካልተመጣጠነ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዳንዶቹ ሽቦዎች እየላሉና እየተወጠሩ ይደክሙና አንድ ቀን ከሰው ርቀው ሳለ ይበጠሳሉ። ጋሼ የድሮውን ቸርኬ ፈትተው ባለ 36 ሽቦ ጠንካራ ቸርኬ አስገቡልኝ፤ ሽቦዎቹ የሚነሱበትን የመሐሉን ክፍል፣ ሞዞውንም፣ ከፍተው ኩሽኔታዎቹን ካጠቡ በኋላ አዲስ ግራሶ ሞሉት። ከዚያም ክራር እንደሚቃኝ ሰው ጆሯቸውን አስጠግተው እያንዳንዱን ሽቦ በጣታቸው እየነኩ ያዳምጡ ጀመር፤ ድምፁ የወረደውን ሩብ ዙር ያጠብቁታል፣ እንደገና ይነኩታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የውጥረት መለኪያም አላቸው፤ የሚያነሱት ግን መጨረሻ ላይ፣ ጆሯቸው የነገራቸውን ለማረጋገጥ ነው። ለዳገቱ ደግሞ የፊተኛውን ማርሽ ባለ 30 ጥርስ፣ ከኋላ ካሉት ትልቁን ባለ 36 ጥርስ አደረጉልኝ፤ በዚህ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ ስለማይሞላ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ግን ይተርፋል።

የእጃቸው ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የታየኝ ከኒውፖርት ተነስቼ ከፍሎረንስ በስተደቡብ እስካለው የሃኒማን ፓርክ በነዳሁበት ቀን ነው። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከኒውፖርት የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 የተከፈተው የያኪና ቤይ ድልድይ ነው። የኦሪገን ግዛት ከአውራ ጎዳና ገንዘቡ ቢያንስ 1 በመቶው ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲውል በሕግ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1971 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው ይህ ድልድይ ለብስክሌት የተለየ መስመር የለውም። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ርዝመቱ ላይ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ከጎን ሲመታኝ፣ መኪኖችም በቅርብ ሲያልፉኝ መሪው አልተንቀጠቀጠም፤ ጋሼ ሻንጣዎቹን በሚዛን መዝነው ግራና ቀኙን ያስተካከሉት ለዚህ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ከያሃትስ ከተማ በኋላ መንገዱ የኬፕ ፐርፔቹዋን ገደል ይዞ ይወጣል፤ በስተቀኝ፣ ከታች፣ ማዕበሉ በጥቁሩ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ነጭ አረፋ ወደ ላይ ሲወረውር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1894 መብራቱ ከበራው የሄሴታ ሄድ የመርከብ መብራት አጠገብ ሲደረስ ደግሞ ጠባብ የተራራ ዋሻ አለ። ጋሼ አስቀድመው «መግቢያው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳትጫኚ እንዳትገቢ» ብለውኝ ነበር። ቁልፉ ሲጫን በምልክቱ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም እያሉ ውስጥ ብስክሌተኛ መኖሩን ለሾፌሮች ያሳውቃሉ። የኋላ መብራቴንም ኮርቻው ሥር ሳይሆን ከዕቃ መጫኛው ጫፍ ላይ ነበር ያሰሩልኝ፤ ኮርቻው ሥር ቢሆን ኖሮ የድንኳኑ ጥቅልል ይጋርደው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው የሰው ልጅ ሕይወት በእጁ እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

ከዋሻው ወጥቼ ዳገቱን ከጨረስኩ በኋላ፣ ወደ ፍሎረንስ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ስልኬ መስመር አልነበረውም። ጋሼ ግን ገና ጋራዣቸው ውስጥ ሳለን ጎማውን ራሴ አውልቄ፣ ካላማዳሪውን ለውጬ፣ መልሼ እንድገጥም ደጋግመው አሠርተውኝ ነበር፤ እርሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይመለከቱ እንጂ አያግዙኝም ነበር። አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባቴ በፊት እንዳስተማሩኝ የጎማውን ውስጥ በጣቶቼ ቀስ ብዬ ዳሰስኩ፤ ከከባድ መኪና ጎማ የወጣች ፀጉር የምታህል የሽቦ ስባሪ ተሰክታ አገኘኋት። ያለ እርሳቸው ትምህርት ያችን ሽቦ እዚያው ትቼ ሁለተኛውንም ካላማዳሪ ባስበሳሁ ነበር። እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ።

ማታ ሃኒማን ደረስኩ። በኦሪገን የግዛት ፓርኮች ብዙዎቹ በእግርና በብስክሌት ለሚመጣ መንገደኛ ያለ ቀጠሮ የሚያርፍበት ቦታ ይለያሉ፤ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት፣ በየምሽቱ ሌሎች ብስክሌተኞችን የምታገኝበት በመሆኑ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድንኳኔን ከመትከሌ በፊት በታዘዝኩት መሠረት ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጌ ዘይት ቀባሁት፤ የባሕር ጨው ሰንሰለትን ቶሎ ያዝገዋልና።

ከጉዞው ስመለስ ጎማውን እንደገና መርምረው ቸርኬው ቅንጣት እንዳልተጣመመ አሳዩኝ፤ ለምርመራውም ገንዘብ አልተቀበሉኝም። አሠራራቸውን ለማታውቁ፣ ዋጋውን በወረቀት ጽፈው ሳትስማሙ ሥራ አይጀምሩም፤ የለወጡትንም አሮጌ ዕቃ በላስቲክ አድርገው ይመልሱላችኋል። መለወጥ የማያስፈልገውን «ይህ ገና ይሠራል» ብለው ይተዉታል። የሚሠሩት ብቻቸውን በመሆኑ በበጋ ወረፋው ይረዝማል፤ ስለዚህ በሐምሌ መንገድ የምትጀምሩ ከሆነ ብስክሌታችሁን በሚያዝያ ውሰዱላቸው፤ የምትጭኑትንም ሻንጣ አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳይመዝኑት ሥራ አይጀምሩምና።