ባለ 43 ሲሲ የሣር ማጨጃ በጎንደር ግቢ፦ ለጀማሪ ይመከራልን?

በጎንደር ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲጋመስ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ከሙጃ ጋር ይፋጠጣል። ሥራው በማጭድ ሲሠራ የኖረ ቢሆንም፣ የሕንጻና የእርሻ መሣሪያ የሚሸጡ መደብሮች በትከሻ ተነግቶ የሚሠራውን ባለቤንዚን የሣር ማጨጃ ማቅረብ ስለ ጀመሩ፣ ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይግዛው ወይስ ይተወው እያለ ያማክራል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በልዩ ልዩ የንግድ ስም የሚሸጠውን የቻይና ሥሪት ባለ 43 ሲሲ ማሽን ሲሆን፣ የሠራሁበትም ማራኪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በሚገኝ፣ ተዳፋት በበዛበትና በድንጋይ ካብ በታጠረ ግቢ ነው። ፍርዴን ላስቀድም፤ ሰፊና ሣር የዋጠው ግቢ ላለው ሰው ገንዘቡን የሚያስቆጭ ዕቃ አይደለም፤ ሣሩ ከደጃፍ ለማያልፍ ሰው ግን ከጥቅሙ ጣጣው ይበልጣል።

ካርቶኑ ሲከፈት ሞተሩ፣ ረጅሙ ዘንግ፣ እጀታው፣ ማንገቻው፣ ናይለን የተጠቀለለበት ክብ ጭንቅላት፣ የብረት ምላጭ፣ መከለያውና ቤንዚንና ዘይት የሚደባለቁበት ምልክት ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይወጣሉ። ነዳጅ ሳይሞላ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ማንገቻውን በቁመቱ ልክ ያላስተካከለ ሰው ማታ ወገቡን ይዞ መቀመጡ አይቀርም። ከመደብሩ ሳይወጡ መፈተሽ ያለበት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛው ዙሩ፣ ሲሠራ፣ የነዳጅ መስጫው እስካልተጨበጠ ድረስ ጭንቅላቱ መሽከርከር የለበትም። የሚሽከረከር ከሆነ ወይ ሚኒሞው ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል፣ ወይም የሞተሩን ዙር ወደ ጭንቅላቱ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ችግር አለበት፤ ሻጩ «ሲሠራ ይስተካከላል» ቢልም ሳያስተካክል መረከብ አይገባም።

ጀማሪ የሆነ ሰው የብረት ምላጩን ከካርቶኑ ባያወጣው ይሻላል። ምላጭ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ማሽኑን በድንገት ወደ ጎን ይወረውረዋል፤ በጎንደር ደግሞ ሣሩ ሥር ድንጋይ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ናይለኑ ድንጋይ ሲመታ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ከካቡ ጥግ ሲደርስ ጫፉ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይበታተንና ያጥራል፤ ጭንቅላቱን ሞተሩ እየሠራ መሬት ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ከውስጥ ተስቦ እንደገና ይረዝማል። ለዚህ ማሽን 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይበቃል። እዚህ ላይ ስለ መከለያው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሠራተኞች እርጥብ ሣር እየተጠቀጠቀበት ስለሚያስቸግራቸው ነቅለው ይጥሉታል። መከለያው የሚፈናጠረውን ጠጠር ከመመለሱም በላይ፣ በጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ምላጭ የረዘመውን ናይለን ልክ ላይ የምትቆርጥ ናት። እርሷ ከሌለች ናይለኑ ከልክ በላይ ይረዝማል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ይግላል፤ ጥፋቱም በማሽኑ ይሳበባል።

በሚሽከረከር ናይለን ሣር የመቁረጥን ዘዴ በ1971 እ.ኤ.አ. የፈጠረው በአሜሪካ የሂውስተን ከተማ ነዋሪ የነበረው ጆርጅ ባላስ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው ከመኪና ማጠቢያ ብሩሾች ነበር፤ የፈለገውም የዛፎቹን ሥር ዙሪያ በቀላሉ ማጽዳት ነው። ለትልቅ ዛፍ ነገሩ ያስኬዳል፤ ለችግኝ ግን ናይለኑ ራሱ ጠላት ነው። በቅርቡ የተተከለ ጽድ፣ ኮክ ወይም ጌሾ ግንዱን ለቅጽበት ሲነካው ቅርፊቱ ይላጣል፤ ዙሪያውን ከተላጠም ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ መውረድ ስለማይችል ችግኙ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ስለዚህ በችግኝ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ቦታ አስቀድሞ በእጅ መታረም አለበት።

የጀማሪ ማሽን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በነዳጅ አደባለቅ ነው። ይህ ባለሁለት ምት ሞተር ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፣ 50 ለ 1 ካለ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ዘይቱም ለባለሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀ እንጂ ለመኪና ሞተር የሚቀየረው መሆን የለበትም። እኔ ማሽኑን የገዛሁበት መደብር ሠራተኛ የነገረኝ «ትንሽ ጠብ አድርጉበት» የሚል ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ዋጋ ላለው ዕቃ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ነውር ነው። ድብልቁ በጠርሙሱ ተለክቶና ተንጦ ወደ ታንከሩ ይገባል እንጂ ታንከሩ ውስጥ አይደባለቅም። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜ ስላለም፣ ገዢው ነዳጁን ከየት እንደሚያገኝ ከማሽኑ በፊት ቢያስብበት መልካም ነው።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኃይል እዚህ አይሰጥም። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ ደግሞ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይጨሳል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይታነቃል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጠቁሮና ረጥቦ ይገኛል። አዲስ ገዢ ይህን ጭስ ሲያይ ዘይቱ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ የሚቀረውም እንዲህ ባለው ቅነሳ ነው። ዘይቱን በልኩ መተው፣ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት፣ ካልተሻለው ካርቡሬተሩን ለሞተር ሳይክል መካኒክ ማሳየት ይገባል፤ መካኒኩም ቤንዚኑን ከመጠን በላይ ከቀነሰው ሞተሩ ስለሚግል በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል አለበት። የእኔው ከተስተካከለ በኋላ ድምፁም ጉልበቱም ተለውጧል፤ ያም ሆኖ ጭን የሚደርስ እርጥብ ሙጃ ሲገጥመው ይደክማል።

አነሣሡ ቀላል ነው፤ የላስቲኳን ፊኛ ቤንዚን እስኪታይባት ተጭኖ፣ የአየር መግቢያውን የሚያጠበውን ቾክ ዘግቶ ገመዱን መሳብ፣ ሞተሩ ሊነሣ ሲሞክር ቾኩን ከፍቶ እንደገና መሳብ ነው። ቾኩ እንደ ተዘጋ መሳብ የሚቀጥል ሰው ካንዴላውን ያርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፈትቶ ከማድረቅ በቀር መፍትሔ የለም። ቀጥ ያለ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ጭንቅላቱ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየጠረጉ መሄድ ሥራውን ያቀለዋል። ረጅም ሙጃ በአንድ ጊዜ ከሥሩ ሲቆረጥ ጭንቅላቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከወገቡ፣ ቀጥሎ ከግርጌው ማጨድ ይሻላል። መነጽር፣ የጆሮ መሸፈኛና ቦቲ ጫማ የግድ ናቸው፤ ሕፃናትና እንስሳት ቢያንስ 15 ሜትር መራቅ አለባቸው። በእሑድ ማለዳ ቅዳሴ ሳይወጣ ይህን ሞተር የሚያስነሣ ሰው ደግሞ ከጎረቤት ሊመጣበት ያለውን ራሱ ይወቀው።

ማጭድ ግን ከቤት አይውጣ። ይህ ማሽን ሣሩን አድቅቆ ይበትነዋል እንጂ በዘለላው አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ለቡና ጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ከእርሱ አይገኝም። የናይለኑ ስብርባሪም ከታጨደው ጋር ስለሚቀላቀል ለላም ወይም ለበግ መስጠት አይገባም።

በ220 ቮልት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማጨጃ ለአነስተኛ ግቢ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይጨስም፣ ድብልቅ አይፈልግም። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲጠፋና ገመዱ እርጥብ ሣር ላይ ሲጎተት ነው፤ ጤዛው ሳይደርቅ ፈጽሞ መነካት የለበትም። በባትሪ የሚሠሩትን ርካሽ ማጨጃዎች የሚገዛ ሰው ባትሪው ላይ የተለጠፈውን «88 ቪኤፍ» ወይም «48 ቪኤፍ» የሚል ጽሑፍ እንደ ቮልት እንዳያነበው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው 20 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው። ለደጃፍ ሰርዶ ያገለግላሉ፤ ለሙጃ ግን አይሆኑም።

ባለቤንዚኑን የገዛ ሰው መስከረም አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ታንከሩን ባዶ አድርጎ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ሞተሩን በሚኒሞ አሠርቶ፣ በዘንጉ ጫፍ ላለው የማርሽ ቤት ግራሶ ጨምሮ ያስቀምጠው። ወራት የከረመ ድብልቅ የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነው።