«ደፋር ነኝ» ሲባል ምን ይለካል? የቪአይኤ የባሕርይ ጥንካሬ መጠይቅ በአማርኛ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት አመዳደብ 24 የባሕርይ ጥንካሬዎችን በ6 በጎ ምግባራት ሥር ያስቀምጣል። መለኪያው የቪአይኤ (Values in Action) መጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ለእያንዳንዱ ጥንካሬ 10፣ በድምሩ 240 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። መጠይቁ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይሞላል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 24 በተራ ተደርድሮ ይደርስዎታል። በምክር አገልግሎት ጨዋታ ለመክፈት ጥሩ መሣሪያ ነው። ለጥናት በአማርኛ ልጠቀምበት የሚል ግን ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

ችግሩ ከጥያቄዎቹ በፊት ከመልስ መስጫው ይጀምራል። «በጣም እኔን ይመስላል» ብለው ከተረጎሙት መልክ የተጠየቀ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። «ሙሉ በሙሉ ይገልጸኛል» ይሻላል። መካከለኛውን «ገለልተኛ» ማለትም የዳኛ ወይም የአስታራቂ ነገር ያስመስለዋል።

ቃላቱ ደግሞ አሉ። «ደፋር» ሙገሳም ስድብም ነው፤ «ጀግና» ወደ ጦር ሜዳ ይወስዳል። «ቀልደኛ» ቁም ነገር የሌለው ሰው ሊመስል ይችላል፤ «ተጫዋች» ይሻላል። «ጥበብ» አንዱን ወደ ማስተዋል፣ ሌላውን ወደ ሥዕልና ሙዚቃ ይመራል። ከሁሉ የሚከፋው ትሕትና ነው፦ እውነተኛ ትሑት «እኔ ትሑት ነኝ» አይልም! ስለዚህ ባሕርዩን ከመሰየም ድርጊቱን መጠየቅ ያዋጣል።

መልሶ መተርጎም ይህን አያጋልጥም፤ «ደፋር» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ምንም እንከን አይታይበትም። ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻ ይሥሩ፤ ልዩነታቸውን ባለሙያዎች ያስታርቁ። ከዚያ ዕድሜያቸውና ትምህርታቸው የተለያየ ከ10 እስከ 15 ሰዎች ፊት ለፊት እያነበቡ ምን እንደተረዱ ይናገሩ። ገንዘብ ካጠረ ሌላው ይቀነስ እንጂ ይህ አይዘለል።

አሉታዊ ዐረፍተ ነገር ሲጨመር ሌላ ጣጣ አለ። «ጀምሬ አልተውም» ለሚል ዐረፍተ ነገር «ጨርሶ አይገልጸኝም» ብሎ የመለሰ ሰው ይተዋል ወይስ አይተውም? ሁሉንም አዎንታዊ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ ሁሉን «አዎ» የሚል ሰው ሳይታወቅ ያልፋል፣ ውጤቱም ጣሪያው ላይ ይከማቻል።

ለዋናው ጥናት ቢያንስ ከ300 ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ ለረጅሙ፣ ባለ 240ው ቅጽ ይህም አነስተኛ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ የተወሰኑትን እንደገና ማስሞላት፣ ከቅርብ ሰዎቻቸው ምስክርነት ጋርም ማነጻጸር ይገባል። የውስጥ ወጥነቱ (አልፋ፦ የአንድ ጥንካሬ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.70 በታች ከወረደ ጥንካሬው በደንብ አልተለካም። መልሶቹ በስታቲስቲክስ ሲቧደኑ 6ቱ ምግባራት ባይወጡ አይደንግጡ፤ በብዙ አገር አልወጡም። ቻይና ውስጥ የተዘጋጀው ባለ 96 ጥያቄ ቅጽ 3 ብቻ ነው ያገኘው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መላሾችን አማካይ ለማወዳደር ግን መለኪያው በሁለቱም ቋንቋ እኩል መሥራቱ አስቀድሞ ይፈተሽ። የተለመደው ወሰን መለኪያው በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ነው የሚለው ገደብ ሲጠብቅ ሲኤፍአይ (ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.01 በላይ እንዳይቀንስ ነው።

መጠይቁ አጠር ያሉ ቅጾችም አሉት። ምርጫችን ባለ 120 ጥያቄው ቅጽ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ባለቤት ስላላቸው ከትርጉሙ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ባለ 72ቱ አጭር ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ለአንድ ጥንካሬ 3 ጥያቄ ብቻ ስላለው፣ አንዱ በትርጉም ከተበላሸ የውጤቱን ሲሶ ይዞ ይሄዳል።